ዓለምን እንደ ችሎት ማየት፦ ለውጩ ዓለም ያለን አመለካከት ሥሩ የት ነው?

የቀበና አንባቢ፦

ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሐር የሚወርድ ሰው፣ ኢትዮጵያ ለውጩ ዓለም ያላትን አመለካከት በመንገዱ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። ጎዳናው የተሰየመው ከጣሊያን ወረራ በወጣንበት በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት ሰው ስም ነው። እዚያው ጎዳና ላይ ግን ቴዎድሮስ አደባባይ አለ፤ የሴባስቶፖል መድፍ ምስልም ቆሞበታል። የመድፉ ባለቤት የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ድረስ ወጥቶ ሲከባቸው እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ውለታውም በደሉም በአንድ ጎዳና ላይ፣ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋው፣ ተመዝግቦ ይኖራል። ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ለዘለቀ ደግሞ ስሙ የጣሊያንን ወረራ ሕጋዊ ነው ብለን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት ለአንዱ የተከፈለ ምስጋና ነው፤ በሜክሲኮ ዋና ከተማም በአገራችን ስም የሚጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቤተ መንግሥቱ በሚያወጣው መንገድ ላይ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል።

ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ ይህ አመለካከት ከየትኛው ባህላችን ተነሥቶ ነው እንዲህ ያለ መልክ የያዘው የሚል ነው።

ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማቸው መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኢትዮጵያ ዓለምን ረስታ፣ በዓለምም ተረስታ ሺህ ዓመት ያንቀላፋች አገር ናት ይላል። ይህን የጻፈው አንድ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የታሪክ ሊቅ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ ያልደገመው ጸሐፊ ጥቂት ነው። አባባሉ ከእውነት የራቀ ነው። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ደርሰዋል፤ በ1441 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ከሚኖሩ መነኮሳቶቻችን የተወሰኑት በፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተዋል፤ ንግሥት እሌኒም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ሰድደዋል። እሌኒ ከሃድያ የእስላም ባላባት ቤት ተወልደው በክርስቲያን ቤተ መንግሥት ለትልቅ ሥልጣን የበቁ ሴት መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስታውስም፤ እኔ ግን አርቀው ለማየት ያበቃቸው ከሁለት ወገን መሆናቸው ይመስለኛል። ሁለተኛው መልስ እንግዳ ተቀባይነታችን ነው። እርሱም ሐሰት ባይሆንም፣ ፖርቱጋሎችን አጋር አድርጎ የተቀበለ ቤተ መንግሥት ከመቶ ዓመት በኋላ በዐፄ ፋሲል ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ለምን ጠራርጎ እንዳስወጣ አያስረዳንም።

የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። የደጋው ሰው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ወይም በከብት ሲጋጭ «በሕግ አምላክ» ይላል። ይህ ቃል የተጠራበት ሰው ዱላ አንሥቶም ቢሆን መቆም ይገባው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ ተቋጥረው፣ ያለ ዘብ፣ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። የአጥቢያው ዳኛ ያላረካው ወደ በላዩ፣ ከዚያም እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ አቤት ይል ነበር። እንዲህ ባለ አገር ያደገ መሪ ከአገሩ ውጭ ያለውንም ዓለም የሚያየው በዚሁ ዐይን ነው፤ ዓለም ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክርና ዳኛ ያሉበት ትልቅ ችሎት ሆኖ ይታየዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ለለንደን ባለሥልጣናት ይህ በመዝገብ ቤት የተቀመጠ አንድ ወረቀት ነበር፤ ለንጉሡ ግን አቤት ያለን ሰው ሳይሰሙ ከደጅ መመለስ ሆነባቸው፣ ቆንስላውንም እስከማሰር አደረሳቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የአገራቸውን ድንበር ከነምልክቱ ዘርዝረው አስታወቁ፤ ይህ የርስት ተሟጋች የሚያደርገው ነው። በዓድዋ ድል ከነሡ በኋላም ወዲያው የፈለጉት ውል ነበር፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ጣሊያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አምና ፈረመች። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን፣ ልዑል አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኮንን የገቡበት ቤት ዳኛ ያለበት ቤት መስሏቸው ነበር። ስለዚህ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በአማርኛ ያደረጉት ንግግር፣ ሲነበብ ከዲፕሎማሲ ንግግር ይልቅ የዙፋን ችሎት አቤቱታ ይመስላል፦ ውሉ ይጠቀሳል፣ በደሉ በዝርዝር ይነገራል፣ ምስክር ይጠራል፣ መጨረሻ ላይም ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ተብሎ ይጠየቃል።

ይህ አመለካከት ኃይሉም ድካሙም ከአንድ ቦታ የሚመነጭ ነው። በዓለም ላይ ዳኛ አለ ብሎ ማመኑ ትንሽ አገር ከትልቅ አገር ፊት ቀጥ ብላ እንድትቆም አደረጋት፤ ዳኛው ባልተገኘ ጊዜ ግን እስከ ዛሬ ያልሻረ ቁስል ተወ። እናንተ ምን ትላላችሁ?


ዓባይ ማዶ፦

ጽሑፍዎን በደስታ አነበብሁት፤ ነገር ግን ባህሉን ከመልክዓ ምድሩ ማስቀደምዎን አልቀበለውም። አክሱም የቀይ ባሕሩን ወደብ አዱሊስን በያዘችበት ዘመን ነገሥታቷ በገንዘባቸው ላይ በግሪክኛ ያስጽፉ ነበር፤ የዒዛና ድንጋይ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ የተቀረጸው መንገደኛውም ነጋዴውም እንዲያነበው ነው። ያ መንግሥት የሚነግድ፣ የሚዘምት፣ ባሕር የሚሻገር መንግሥት ስለነበረ አቤቱታ የሚጽፍበት ምክንያት አልነበረውም። በ1557 እ.ኤ.አ. ቱርኮች ምጽዋን ከያዙ በኋላ ግን ከዓለም ጋር የምንገናኘው በሌሎች ፈቃድ ሆነ። ደብዳቤ ወደ መጻፍ ያዘነበልነው መርከብ ስላልነበረን ነው።

ሁለተኛው ነገር ዓባይ ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከእኛ ተራሮች የሚወርድ ሆኖ ሳለ፣ በ1929ም ሆነ በ1959 እ.ኤ.አ. የተፈረሙት የክፍፍል ስምምነቶች ኢትዮጵያን አልጠየቁም። የግብፅ ጦር በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ጉንደትና ጉራ ድረስ መጥቶ ተሸንፎ ተመልሷል። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ዙሪያዬን ተከብቤአለሁ ብሎ ቢያስብ የባህል ፈሊጥ ነው ሊባል አይገባም፤ የደረሰበት ነው። የመንግሥት የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲ በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ ይህን የመከበብ ስሜት በግልጽ ነቅፎ፣ ዋናው ሥጋታችን ድህነታችንና የውስጥ ድክመታችን ነው ብሎ መነሣቱን እንደ ትልቅ ለውጥ አየዋለሁ፤ በዚያ ሰነድ ብዙ የማልስማማባቸው ነገሮች ቢኖሩም።


ጀጎል በር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሐረር ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ፒያሳ ነው። የቀበና አንባቢ ችሎት ብለው የጀመሩት ነገር ልቤን ነካው፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያን ከአገሯ ውጭ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ ከሁሉ ይበልጥ ያሳወቃት ታሪክ የችሎት ታሪክ ሆኖ ሳለ በጽሑፋቸው ውስጥ አላገኘሁትም።

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። ቁረይሾች ስደተኞቹን የሚያስመልሱ መልእክተኞች ከብዙ ስጦታ ጋር ላኩ። ነጃሺ ስጦታውን ተቀብለው ሰዎቹን አሳልፈው መስጠት ይችሉ ነበር፤ ብዙ ነገሥታትም እንዲሁ ባደረጉ ነበር። እርሳቸው ግን ሁለቱም ወገን ፊታቸው እንዲቆም አዘዙ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ስለ ስደተኞቹ ሲናገር አዳመጡ፤ ከዚያም አልሰጥም ብለው ስጦታውን መለሱ። የዓለም ሙስሊም ልጁን ሲያስተምር ሐበሻ ማለት ሰው የማይበደልበት ንጉሥ ያለበት ምድር እንደሆነ ይነግረዋል።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያ የቆመችው በዳኛው ወንበር ላይ ነው። የቀበና አንባቢ የዘረዘሯቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከከሳሹ ቦታ የተጻፉ ናቸው። ለውጩ ዓለም ያለንን አመለካከት ከአቤቱታ ብቻ ከቀዳነው፣ ሁልጊዜ የተበደለ ሰው ሆነን መታየት እንለምዳለን። ከነጃሺ ከቀዳነው ግን እኛ ምን እንዳደረግን እንጠየቃለን። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት በ1969 እ.ኤ.አ. የተፈረመው በዚህች ከተማ ነው፤ ስደተኛው እንዲማርና እንዲሠራ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1110 የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። አዋጁ በተግባር ምን ያህል እንደተፈጸመ በከተማችን የሚኖሩ ሶማሌዎችን፣ ኤርትራውያንን፣ ሱዳናውያንንና የመኖችን መጠየቅ ይበቃል። እኔ የማውቃቸው ቤተሰቦች የሚሰጡኝ መልስ ከነጃሺ ታሪክ ጋር አይመጣጠንም፤ ይህም ያሳስበኛል።

ስለ ሐረር አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ከተማ ባሕር ባይኖራትም ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች ጋር በግመል ቅፍለት ተሳስራ ከየመንና ከሕንድ ትነግድ ነበር፤ የራሷን ገንዘብም ትመታ ነበር። ስለዚህ ባሕር ያጣ ሁሉ ደብዳቤ ጸሐፊ ይሆናል የሚለውን የዓባይ ማዶን አባባል ሐረር አትመሰክርለትም።


አዲስ ገቢ፦

ታላላቆቼን ይቅርታ ጠይቄ አንድ ነገር ልጠይቅ። ተማሪ ነኝ፣ ስድስት ኪሎ። የተጠቀሱት ሁሉ ነገሥታትና ደብዳቤዎቻቸው ናቸው። ገበሬው ወይም የመርካቶ ነጋዴ ስለ ዓለም ምን ያስብ እንደነበረ በደብዳቤው ውስጥ አይገኝም። የቤተ መንግሥቱን አመለካከት የሕዝብ አመለካከት ብለን የምንጠራው በምን ማስረጃ ነው?


አንጋፋ መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ መልሱን ከቤተ መንግሥት ውጭ ልፈልግልህ።

እኔ በተወለድሁበት አገር ሙግት ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ልጅ አእምሮ የሚለካበት ነበር። «በላ ልበልሃ» ተብሎ በዛፍ ጥላ ሥር የሚደረገውን ክርክር ለመስማት ሰው እርሻውን ትቶ ይመጣ ነበር። ተከራካሪው በግጥም ይናገራል፣ በትሩን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፣ ዋስ ይጠራል፣ ማርና ፈረስ ይወራረዳል። ሕፃናት ከብት ሲጠብቁ ዳኛና ተሟጋች ሆነው ይጫወቱ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ሰው ውል ምን እንደሆነ፣ ምስክር ምን እንደሆነ፣ ይግባኝ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት የፈጠረው ንጉሥ አይደለም። ዛሬም ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ብትሄድ፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ዘንድ ከገጠር የመጣው አባወራ ጉዳዩን ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ሲያስጽፍ ታገኘዋለህ፤ ከወረዳ እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት የሄደበትን መንገድ በቃሉ ይነግርሃል።

ሌላው ሥር ቤተ ክርስቲያን ናት። ምእመኑ በኪዳነ ምሕረት ስም ሲማጸን፣ ለጻድቁ የተሰጠውን ቃል ኪዳን እየጠቀሰ ሲለምን፣ ከፈጣሪው ጋር እንኳ ያለው ግንኙነት በተሰጠ ቃል ላይ የቆመ ነው። ፈጣሪ ቃሉን አያጥፍም ብሎ የሚያምን ሕዝብ ሰውም ቃሉን ማጠፍ የለበትም ብሎ ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝን ልንገርህ። ቤተ ክርስቲያናችን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ጳጳሷን ከእስክንድርያ ታመጣ ነበር። ከራሳችሁ ሊቃውንት መካከል ጳጳስ አትሹሙ የሚል ለኒቅያ ጉባኤ የተሰጠ ሥርዓት በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ተጽፎ ስለነበረ፣ ሊቃውንቱ በውስጣቸው ቢያጉረመርሙም አልተላለፉትም። የሥርዓቱ ትክክለኛነት አጠራጣሪ መሆኑን ብዙዎች ተናግረዋል። ዐሥራ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ነገሥታቱ ጦርም ሊቃውንትም ሳያጡ፣ አንድ ጳጳስ ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ድረስ ቅስና የሚሰጥ ጠፍቶ ዓመታት ሲቆጠሩ እንኳ፣ ጥሰነዋል ብለው አልተነሡም። በመጨረሻም ነጻነቱ የተገኘው በረጅም ድርድር ነው፤ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሆኑ። የሕግ ፍቅራችን ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ከጄኔቫው ንግግር ይልቅ እኔ ይህን እመረምራለሁ። በእርግጥ ከትዕግሥቱ ጋር ፍርሃትም አልነበረም አልልም።


ባለ መዝገብ፦

መምህር፣ እጅ ነሥቼ ልቀጥል። ሙያዬ ሕግ ስለሆነ የውይይቱን ዋና ሐሳብ በሁለት ጉዳዮች መፈተን እፈልጋለሁ፤ አንዱ የሚደግፈው፣ ሌላው የሚያስጨንቀው ነው።

የሚደግፈው በዛሬው ትውልድ ዘንድ ተረስቷል። በጥቅምት 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሔግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት በተሰጣት በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማለትም በዛሬይቱ ናሚቢያ፣ አፓርታይድን በመዘርጋት የሞግዚትነቱን ውል አፍርሳለች የሚል ነበር። ሁለቱ አገሮች ለመክሰስ የቻሉት የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ስለነበሩ ነው። ይህን ስታስቡ ትርጉሙ ይከብዳል፤ ኢትዮጵያን በ1928 ዓ.ም. ያላዳናት ማኅበር ከፈረሰ በኋላ፣ የአባልነቱ መብት ለሌላ አፍሪካዊ ሕዝብ መሟገቻ ሆነ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ መብት አላሳዩም ተብሎ ክሱ ተዘጋ። ነገር ግን ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በጥቅምት 1959 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሻረው። በፍርድ ቤት የተረታው ጉዳይ በጉባኤ ረታ ማለት ነው።

የሚያስጨንቀው ደግሞ ይህ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ የወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ነው። ፌዴሬሽኑን የኢትዮጵያ መንግሥት ያፈረሰው በኅዳር 1955 ዓ.ም. ነው። በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. ደግሞ የሔጉ ፍርድ ቤት የኢትዮጵያንና የላይቤሪያን ክስ የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ሌላው መንግሥት የዓለም አቀፍ ማኅበርን ውል አፈረሰ ብለን በከሰስንበት ወቅት፣ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት፣ እኛ ዓለም አቀፍ ማኅበር ያቆመውን ውል አፈረስን። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1961 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኤርትራ ጦርነትም ተባብሶ በጠቅላላው ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ።

በአልጀርስ ስምምነት መሠረት የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን የሰጠው በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ነው። ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ እንደሚሆን አስቀድመን ፈርመን ነበር። ባድመ ለኤርትራ መወሰኗ ሲታወቅ ተቃወምን፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበላችን የተነገረው በ2010 ዓ.ም. ነው። በሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን የገበሩ ቤተሰቦች ሐዘን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሐዘኑ ክብደት ግን የፈረምነውን አያስቀርም። በላ ልበልሃ ያስተማረን ተሟጋች ሲረታ ካሣውን ከፍሎ እንዲሄድ ነው። ስለዚህ ዓለምን እንደ ችሎት ማየታችንን እቀበላለሁ፤ ሲፈረድብን ምን እንዳደረግን ግን ከጄኔቫው ንግግር እኩል መነገር አለበት።


ኦዳ ጥላ፦

ባለ መዝገብ የጀመሩትን ከሌላ ወገን ልቀጥለው። ያ ጄኔቫ ላይ ፍትሕ የጠየቀው መንግሥት፣ በደቡብና በምዕራብ ያለው ገባር መሬቴን ተነጠቅሁ ብሎ አቤት ሲለው ብዙ ጊዜ አልሰማም። አያቶቻችን ዙፋን ችሎት ለመድረስ የሚያልፉበት ደጅ ብዙ ነበር፤ አስተርጓሚም ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ «የአገሪቱ አመለካከት» የሚባለው የማን እንደሆነ የጠየቀው ተማሪ ወንድማችን በከንቱ አልጠየቀም።

በኦሮሞ ሥርዓት ሞጋሳ የሚባል ነገር አለ። ከውጭ የመጣው ሰው ወይም ነገድ በጉባኤ ፊት፣ በቃለ መሐላ፣ የጎሣው አባል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ባዕድ ብሎ መጥራት ነውር ነው። የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ብዙዎች ያተኮሩት በሥልጣን ዝውውሩ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ለውጭ ግንኙነት አስተሳሰብ ከሞጋሳ የሚበልጥ መነሻ አላገኘሁም። ደጋው ለባዕዱ ችሎት ሲያዘጋጅለት፣ ይህኛው ሥርዓት ዝምድና ያዘጋጅለታል።

ሌላም ነገር አለ። ከፒያሳ ሆኖ ሲታይ ውጭ አገር የሚባለው ኢየሩሳሌም፣ ጄኔቫ፣ ኒው ዮርክ ነው። ለቦረናው ግን ኬንያ ያለው ወንድሙ ነው። አፋሩ በሦስት አገሮች፣ ኑዌሩና አኙዋው በሁለት፣ ሶማሌው ከዚያ በሚበልጡ አገሮች ይኖራል። ለእነዚህ ሕዝቦች ድንበር ማዶ ያለው ዓለም የውሃ፣ የግጦሽና የጋብቻ ጉዳይ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እያልን የምንተርት ሰዎች ስለ ካርቱምና ስለ ሞቃዲሾ የምናውቀው ስለ ዋሺንግተን ከምናውቀው የሚያንስበት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል። የውጭ ጉዳይ ሠራተኞቻችን መካከል የጎረቤቶቻችንን ቋንቋ ከቤታቸው ይዘው ያደጉ ልጆች ከሞያሌ፣ ከጅግጅጋ፣ ከጋምቤላና ከሰመራ ተፈልገው እንዲገቡ የምመኘው ለዚህ ነው።


የቀበና አንባቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጀጎል በር የነጃሺን ችሎት ማንሣታቸው ሐሳቤን ወደማላየው አቅጣጫ ዘረጋልኝ፤ ምክንያቱም ከ1955 ዓ.ም. በኋላ አዲስ አበባ የሞከረችው ሥራ ወደዚያ ወንበር መመለስ ይመስለኛል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን በአፍሪካ አዳራሽ ከተፈረመ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላ አልጄሪያና ሞሮኮ በድንበር ተዋጉ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባማኮ ሄደው ከማሊው ፕሬዚዳንት ጋር ተኩስ አቆሙ። በየካቲት 1964 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ታጋዮችና የካርቱም መንግሥት እዚሁ ታርቀው ስምምነቱ በከተማችን ስም ተጠራ። ስምምነቱ ወደ 11 ዓመት ያህል ቆየ፤ ለዚያ ጦርነት ይህ ትንሽ አልነበረም። ሽምግልና ከችሎት የተለየ ባህል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚቆሙት ከሁለቱ ወገን ውጭ ባለ፣ በሚታመን ሰው ላይ ነው።

ባለ መዝገብና ኦዳ ጥላ ያነሡት ግን ከዚህ ይከብዳል። አቤቱታ የሚያውቅ አገር የራሱን አቤት ባይ ካልሰማ፣ ውጭ የሚናገረው ቃል ክብደት ያጣል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ይህን በዐይናችን አየን። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነችው ከተማ የምንኖር ሰዎች፣ የእኛው ወንድማማቾች ጦርነት የሚቆምበት ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም በቴሌቪዥን ተመለከትን። ያን ቀን የተሰማኝ እፎይታ ትልቅ ነበር፤ ከእፎይታው ጋር ግን ዳኛና ሽማግሌ ከአገር ቤት ለምን ጠፋ የሚለው ጥያቄ አብሮኝ አደረ፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው የተወሰነ ነገር ነው። በየትምህርት ቤቱ የጄኔቫው ንግግር ሲነገር፣ የኤርትራ ፌዴሬሽን የፈረሰበት ታሪክ በዚያው ምዕራፍ ይነገር። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ተመርቆ ልጆች በየቀኑ እየጎበኙት ነው፤ የሔጉን ክስ ግን በከተማችን የሚያስታውስ አንድ ሰሌዳ አይቼ አላውቅም። ናሚቢያ በ1990 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ በዚያ ነጻነት ላይ የእኛ ጠበቆች ድካም እንዳለበት የአዲስ አበባ ልጅ ሊያውቅ ይገባዋል።


ዓባይ ማዶ፦

ሐረርን በተመለከተ የጀጎል በር እርምት ተገቢ ነው፤ ተቀብዬዋለሁ። ዋናውን ክርክሬን ግን አልተውሁም። ግብፅ በ2020ና በ2021 እ.ኤ.አ. የሕዳሴውን ግድብ ጉዳይ ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ስትወስድ፣ ጉዳዩ የአፍሪካ ኅብረት ነው፣ ምክር ቤቱ አይመለከተውም ያልነው እኛ ነን። ግድቡ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው አቤት በማለት አልነበረም፤ የቀን ሠራተኛው ሳይቀር ቦንድ ገዝቶ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የደስታው ምክንያት ማንንም ሳይለምኑ መጨረስ ነበር። ይህ የተሟጋች ጠባይ ነው ለማለት እንዴት ይቻላል?


ባለ መዝገብ፦

ወንድሜ ዓባይ ማዶ፣ ግድቡ በተሠራባቸው በእነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያ ከላይኛው ተፋሰስ አገሮች ጋር ሆና የናይል የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን ታስፈርም እንደነበር አይርሱ። ስምምነቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ተከፈተ፤ ስድስተኛዋ አገር ደቡብ ሱዳን ስታጸድቀው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ሲሚንቶው እየፈሰሰ ውሉም ይጻፍ ነበር ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክም ዓድዋን አሸንፈው ነው ውል የተፈራረሙት። የቀበና አንባቢ ያሉት ሥር በዚህም ጉዳይ ላይ ሕያው ሆኖ ይታየኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ግብፅና ሱዳን ስምምነቱ ውስጥ አልገቡም። በ1929ና በ1959 እ.ኤ.አ. ስምምነቶች ላይ ያልፈረመን ወገን አያስገድዱም ብለን ስንሟገት ኖረናል፤ መከራከሪያውም ትክክል ነበር። አሁን በእኛ በኩል ያለውን ስምምነት ላልፈረሙት ሁለት አገሮች በምን ቃል እናቀርብላቸዋለን? ዓባይ ማዶ በዚህ ላይ ምን እንደሚሉ እጠብቃለሁ።